ሕመም ለጸናበት ሰው ስለ ክትባት የሚሰጥ ምክር

በመንጌ ወረዳ የክትባት ዘመቻ በተነገረ ጊዜ ሕዝቡ አስቀድሞ ምክር የሚጠይቀው ሐኪሙን አይደለም። ጤና ጣቢያው ለብዙው ሰው ሩቅ ነው፤ መምህሩና ሽማግሌው ግን በደጅ ናቸው። የስኳር ሕመም ያለበት አባት፥ ደም ብዛት ያስቸገራት እናት፥ አስም የያዘው ጐልማሳ፥ «ይህ መርፌ ለእኔ ይሆናልን? ወይስ ሕመሜን ያብስብኛል?» እያሉ ወደ እናንተ ይመጣሉ። በዚያች ሰዓት «አትፍራ፥ ተከተብ» ብሎ መገፋፋትም፥ «ለበሽተኛ አይሆንም» ብሎ መመለስም ቀላል ነው። ሁለቱም ግን ሳይመረምሩ መፍረድ ነው። ስለዚህ እናንተ ልትመልሱት የሚቻላችሁን ለሐኪም ልትተዉት ከሚገባችሁ ለይታችሁ ታውቁ ዘንድ ይህ ተጻፈ።

«ክትባት» የሚለው ቃል «ክታብ» ከሚለው ጋራ አንድ ሥር አለው፤ ዐረብኛ የሚያውቁ የመንጌ ሽማግሌዎችም የ«ኪታብ» ዘመድ መሆኑን ወዲያው ያስተውሉታል። ነገሩም ከቃሉ አይርቅም። የበሽታው ምልክት በሰውነት ላይ እንደ ጽሕፈት ይቀረጻል፤ ሰውነትም ያን ያጠናና እውነተኛው ጠላት በመጣ ጊዜ ፈጥኖ ያውቀዋል።

አሁን ልብ አድርጉ፤ የነገሩ ቍልፍ ከዚህ ላይ ነው። ክትባት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ የሚሠራው ከሞተ ተውሳክ ወይም ከተውሳኩ ከተወሰደ ክፋይ ነው፤ የመንጋጋ ቈልፍ፥ የጉበት በሽታ «ቢ»፥ የማጅራት ገትርና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቶች ከዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ በሰውነት ውስጥ ሊበዙ ስለማይችሉ ሕመም የጸናበትን ሰው በበሽታው ሊይዙት አይችሉም። ሌላው ግን የሚሠራው ሕይወት ካለው ነገር ግን ኀይሉ ከደከመ ተውሳክ ነው፤ የኩፍኝና የቢጫ ወባ ክትባት እንደዚህ ነው። ጤነኛ ሰውነት ይህን የደከመ ተውሳክ በቀላሉ ያሸንፈዋል፤ የመከላከል ኀይሉ እጅግ የወደቀበት ሰው ግን ላያሸንፈው ይችላል።

ይህ ፍርሃት ከንቱ እንዳልሆነ የፈንጣጣ ታሪክ ያስረዳል። አባቶቻችን ሐኪም ሳይመጣ ከታመመው ሰው ቍስል መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ በመጫር ይከትቡ ነበር፤ ብዙው ይድን ነበር፥ አንዳንዱም ይሞት ነበር። በኋላ የመጣው የሐኪሞቹ ክትባት ከዚህ እጅግ የተሻለ ነበር፤ በ1963 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻ በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን ተገኘ። ይሁን እንጂ ያ ክትባት ራሱ ችፌ ላለበት ሰው ቍስል በገላው ሁሉ እንዲወጣ ሊያደርግ ይችል ስለ ነበረ፥ ሐኪሞች አስቀድመው ቆዳውን መመርመርና ስለ ችፌ መጠየቅ ይገባቸው ነበር። መጠየቅ ክትባትን መቃወም አይደለም።

ቢጫ ወባ ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተነሣ ጊዜ ወደ 30,000 ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። የሚያስተላልፈውም ትንኝ ስለ ሆነ እንደ መንጌ ባለ ሞቃት አገር የሚኖር ሰው ክትባቱን ሊንቀው አይገባም። ነገር ግን ኤች አይ ቪ በደሙ ኖሮ የመከላከል ኀይሉ የወደቀ፥ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ፥ እንቍላል ሲበላ ሰውነቱ የሚያብጥ፥ ወይም 60 ዓመት ያለፈው ሰው ይህን ክትባት ከመቀበሉ በፊት ለሐኪም ሊነግር ይገባዋል። በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው ግን ምንም ዓይነት ሕመም ቢኖርበት አንድ ቀን እንኳ አይዘግይ፤ ያ በሽታ አንድ ጊዜ ከጀመረ መዳን የለውምና።

ከሕመሙ ስም ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የመድኃኒቱ ስም ነው። ለአስም፥ ለኩላሊት ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም «ፕሬድኒሶሎን» የተባለውን ኪኒን በብዛትና ለብዙ ቀን የሚወስድ ሰው የመከላከል ኀይሉ ይደክማል፤ እርሱ ራሱ ግን ይህን ላያውቅ ይችላል። እዚህ ላይ ነው የመምህር ማንበብ የሚጠቅመው። ሕመምተኛው የመድኃኒቱን ካርቶን ይዞ እንዲመጣ ንገሩት፤ ስሙን በወረቀት ጻፉለትና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ለጤና ጣቢያው ያሳይ። ክትባት ለማግኘት ብሎ ግን ኪኒኑን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ አጥብቃችሁ አስጠንቅቁት፤ ፕሬድኒሶሎንን በድንገት መተው ራሱ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም ይናገር፤ ይከተባል፥ ከመርፌው በኋላ ግን ቦታውን ጥቂት ደቂቃ አጥብቆ መያዝ ያስፈልገዋል።

የስኳር፥ የደም ብዛትና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከክትባት የሚከለክላቸው ነገር የለም። እንዲያውም በሽታው እነርሱን አጥብቆ ስለሚጐዳ ክትባቱ ከሌላው ሰው ይልቅ ለእነርሱ ያስፈልጋል። የኮቪድ ክትባት መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በአገራችን በተጀመረ ጊዜ፥ ከጤና ሠራተኞች ቀጥሎ አረጋውያንና ሕመም የጸናባቸው ሰዎች ቅድሚያ ያገኙት ስለዚህ ነው። በጊዜው ብዙ ሕመምተኞች ግን «ለእኛ አይሆንም» የሚል ወሬ ሰምተው ቀሩ።

እንግዲህ አንድ ሽማግሌ ወደ እናንተ በመጣ ጊዜ፥ «አባቴ፥ የሚያስፈራዎ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። አንዱ የሚፈራው መርፌውን ሳይሆን የጾሙን መፍረስ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ ብዙ የእስልምና ሊቃውንት በጡንቻ የሚሰጥ ክትባት የረመዳንን ጾም አያፈርስም ብለው እንደ ፈረዱ ንገሩት፥ የመንደሩንም ሼህ ይጠይቅ። ሌላው ክንዱ አብጦ ትኵሳት የያዘውን ጎረቤቱን አይቶ ይሆናል፤ ይህ በአንድ ወይም በሁለት ቀን የሚያልፍ መሆኑን፥ የስኳር ሕመምተኛም በእነዚያ ቀኖች ስኳሩ ጥቂት ከፍ ሊል ስለሚችል መጠንቀቅ እንደሚገባው አስረዱት። ከተከተበም በኋላ ወዲያው መንገድ አይጀምር፤ እስከ 30 ደቂቃ በዚያው ይቀመጥ፥ ብርቱ መቈጣት ቢነሣ የሚረዳው እንዲገኝ።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «አልፈልግም» ቢል አታስገድዱት፥ በሰው ፊትም አትንቀፉት። የቤቱ ሰዎች ቢከተቡ እርሱም በመጠኑ ይጠበቃልና ለእነርሱ ንገሩ፤ የመድኃኒቱን ስም የጻፋችሁበትን ወረቀት ግን ይዞት ይሂድ፥ በሌላ ቀን ሐሳቡን ቢለውጥ ያስፈልገዋል።