ኒው ላናርክ፤ ከመኪናው ወደ ትምህርት ቤት

በስኮትላንድ አገር ክላይድ የሚባል ወንዝ አለ። ወደ ግላስጎው ከተማ ከመድረሱ አስቀድሞ በጠባብ የድንጋይ ገደል መካከል ሲያልፍ ተከታታይ ፏፏቴዎችን ይሠራል፤ ከነዚህም ትልቁ ኮራ ሊን የሚባለው ሲሆን ቁመቱ 26 ሜትር ያህል ነው። ከፏፏቴዎቹ በታች፥ በገደሉ ሥር፥ ኒው ላናርክ የምትባል ትንሽ መንደር ትገኛለች። የስሟ ትርጓሜ «አዲሲቱ ላናርክ» ማለት ነው፤ የቀድሞዋ ላናርክ ከበላይዋ በኮረብታው ላይ ያለችው ከተማ ናትና። ልጅ ለማሳደግና ለማስተማር ለምንደክም ሁሉ የምትነግረን ቁም ነገር ስላላት፥ የዚህችን መንደር ታሪክ ባጭሩ ልንጽፍ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መንደሪቱን የቈረቈረው ዴቪድ ዴል የተባለ የግላስጎው ነጋዴ ነው። በውሃ ኃይል ጥጥ የሚፈትለውን መኪና ያወጣው ሪቻርድ አርክራይት ቦታውን ባየ ጊዜ የፏፏቴውን ኃይል አደነቀ፤ በ1785ም ሥራው ተጀመረ። ውሃው ዐለቱን ፈልፍለው ባበጁት ዋሻ ተመርቶ መንኰራኵሮቹን ያዞር ጀመር። በ1788 የመጀመሪያው ፋብሪካ በእሳት ቢጠፋም ወዲያው እንደ ገና ተሠራ።

ውሃው መኪናውን አዞረ፤ ክሩን የሚጠብቅና የተበጠሰውን የሚቀጥል እጅ ግን ያስፈልግ ነበር። ገደል ውስጥ ገብቶ በፋብሪካ ተዘግቶ ለመዋል የሚፈቅድ ጐልማሳ ጥቂት ስለ ነበረ፥ ዴል እጓለ ማውታንና የድኾችን ልጆች ከከተማ መጠለያዎች አስመጣ። ቍጥራቸው ወደ 500 ደርሶ ነበር። በ1793 ከ1,100 በላይ ከሆኑት ሠራተኞች የሚበዙት ልጆች ነበሩ፤ ከነዚህም የስድስትና የሰባት ዓመት ሕፃናት ይገኙ ነበር።

ዴል በዘመኑ እንደ ነበሩት ፋብሪካ ጌቶች ሁሉ ጨካኝ አልነበረም። ልጆቹን በሚገባ ያበላና ያለብስ፥ መኝታቸውንም በንጽሕና ያስጠብቅ ነበር፤ መምህራንም ቀጥሮላቸው ነበር። ነገር ግን ልጆቹ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት በመኪናው አጠገብ ይቆማሉ፤ በመካከሉ ለቍርስና ለምሳ የሚያርፉት አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር። ትምህርቱም ከዚያ በኋላ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይቀጥላል። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ቆሞ የዋለ የሰባት ዓመት ሕፃን በዚያ ሰዓት ምን ፊደል ይይዛል? ዓይኑ በመጽሐፉ ላይ ቢሆንም ልቡ በእንቅልፍ ነው።

ይህን ነገር በግልጥ ያየው ሮበርት ኦወን ነው። ኦወን በ1771 በዌልስ አገር የተወለደ ሲሆን፥ የዴልን ልጅ አግብቶ፥ ፋብሪካውንም ከሽርካዎቹ ጋር በ60,000 ፓውንድ ገዝቶ፥ በ1800 መጀመሪያ የመንደሪቱ አስተዳዳሪ ሆነ። ከሁሉ አስቀድሞ የመጠለያ ልጆችን ማስመጣት አስቀረ፤ ቀጥሎም ዐሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ በፋብሪካ እንዳይሠራ ከለከለ። ቤቶችን አስፋፋ፤ መልካም ዕቃ በርካሽ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ፤ የሱቁም ትርፍ ለትምህርት ቤት እንዲውል አደረገ።

ሠራተኞቹ ግን እንግዳ ሰው ስለ ሆነ በመጀመሪያ አላመኑትም። ልባቸውን ያገኘው አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ተጣልታ ንግዷን በዘጋች ጊዜ ነው። የጥጥ ዋጋ እጅግ ስለ ናረ መኪናዎቹ ለአራት ወር ቆሙ፤ ኦወን ግን መኪና ከመጥረግ በቀር ሥራ ላልነበራቸው ሰዎች ሙሉ ደመወዛቸውን ከፈለ። ለዚህም ከ7,000 ፓውንድ በላይ ወጣ። በኋላ ሽርካዎቹ ወጪው በዛ ብለው ፋብሪካው በሐራጅ እንዲሸጥ ባደረጉ ጊዜ፥ ኦወን ከሌሎች ሽርካዎች ጋር ሆኖ መልሶ ገዛው። አዲሶቹ ሽርካዎች ለገንዘባቸው በመቶ አምስት ብቻ ወለድ ወስደው የቀረው ለሕዝቡ ጥቅም እንዲውል ተስማሙ። እርሱም ወደ መንደሪቱ ሲመለስ ሕዝቡ የሠረገላውን ፈረሶች ፈትተው በክንዳቸው እየሳቡ አስገቡት።

በጥር 1 ቀን 1816 ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። መራመድ የጀመሩ ሕፃናት ሳይቀሩ በቀን ይቀበላቸው ነበር። በትር አልነበረም፤ ቍጣም የተከለከለ ነበር። ግድግዳው ላይ የእንስሳት ሥዕልና ካርታ ተሰቅሎ፥ ልጆቹ እያዩና እየጠየቁ ይማሩ ነበር፤ መዝሙርና ዳንስም ነበራቸው። የሕፃናቱ መምህር ሆኖ የተመረጠው ጄምስ ቡካነን የተባለ ሸማኔ ነበር። ዕውቀቱ ጥቂት ነበር፤ ትዕግሥቱና ለልጆች ያለው ፍቅር ግን ብዙ ነበር። ለማታ ትምህርት የሚመጡት እንግዲህ ቀን የሠሩ ታላላቆች ሆኑ። በዚያው ዓመት ኋላ የሩስያ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ልዑል ኒቆላዎስ ሳይቀሩ መንደሪቱን ጐበኙ። በ1819ም የእንግሊዝ ሸንጎ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያሉ ልጆች በጥጥ ፋብሪካ እንዳይሠሩ ሕግ አወጣ፤ ሕጉ ኦወን ከለመነው ያነሰና ጠባቂም የሌለው ነበር።

እውነትን ለመናገር ግን ጕድለቱንም መደበቅ አይገባም። ፋብሪካው ይፈትለው ከነበረው ጥጥ ብዙው በአሜሪካና በምዕራብ ህንድ ደሴቶች በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን የለቀሙት ነበር። ዴል በ1791 የባሪያ ንግድ እንዲቀር የሚታገለው የግላስጎው ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ ሳለ፥ ፋብሪካው በዚያው ጥጥ ይኖር ነበር። በገደሉ ውስጥ ያለው ሕፃን ሲጠበቅ በባሕር ማዶ ያለው ሕፃን ተረስቶ ነበር።

ኦወንም የሰው ጠባይ ፈጽሞ ከአካባቢው የተሠራ ነው የሚል አሳብ ነበረው፤ በ1817 በለንደን ሃይማኖቶችን ሁሉ በአደባባይ ነቀፈ። በዚህ ነገር አንከተለውም፤ ሰው የራሱም ፈቃድ አለውና። ከሽርካዎቹ አንዱ የሆነው ዊልያም አለንም ልጆች ቅዱሳት መጻሕፍትን በሚገባ እንዲማሩ ስለ ፈለገ ሁለቱ ተጣሉ። ኦወን በ1824 በአሜሪካ ኢንዲያና አዲስ ማኅበር ሊመሠርት ሄደ፤ ያ ማኅበር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈረሰ።

ፋብሪካው ከእርሱ በኋላ ብዙ ዘመን ሠርቶ በ1968 ተዘጋ። መንደሪቱ ልትፈርስ ስትል ወዳጆቿ ተነሥተው አደሷት፤ በ2001ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። ዛሬም ቤተ ሰቦች ይኖሩባታል፤ ትምህርት ቤቱንም እንግዶች ይጐበኙታል።

እኛ በመምህርነታችን ከዚህች መንደር የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። ዴል ለልጆቹ ትምህርት ቤት ሰጣቸው፤ ኦወን ግን የሚማሩበትን ቀን ሰጣቸው። ደክሞ የመጣ ልጅ በመዝገብ ላይ ስሙ ይጠራል እንጂ አይማርም። በየቤታችን ውሃ የሚቀዳ፥ ከብት የሚጠብቅ፥ ታናሹን የሚያዝል ልጅ አለ፤ ወላጁን ማገዙ የተገባ ነው። ነገር ግን ደብተርና እርሳስ ገዝተንለት የቀኑን ብርሃን ሁሉ ለሥራ ከወሰድንበት፥ የሰጠነው የዴልን የማታ ትምህርት ነው። እንግዲህ እያንዳንዳችን በዛሬዋ ማታ ልጃችን የሚያጠናበት ሰዓት ከቀኑ ውስጥ የትኛው እንደ ሆነ እንጠይቅ።