የጓሮ ዶሮ ሂሣብ፦ ጥሬ ስትለቅምና መኖ ሲገዛላት

በበዓል ዋዜማ ሾላ ገበያ ብቅ ያለ ሰው የዶሮ ዋጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዴት ሽቅብ እንደሚወጣ ያውቃል። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ አስቀድሞ ወደ ገጠር ይወርዳል፤ ደላላውም የት ቀበሌ ስንት ዶሮ እንዳለ ሲያጠያይቅ ይሰነብታል። ይሁን እንጂ ሁለቱንም በየዓመቱ የሚያስገርማቸው ነገር አለ። ዋጋው እጥፍ ቢሆን እንኳ ባለዶሮዋ እጥፍ ዶሮ ይዛ ገበያ አትወጣም። ዋጋ ሲጨምር አቅርቦት ይጨምራል የሚለው፣ በአንደኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ የተማርነው ሕግ፣ ጓሮ ሲደርስ ይለግማል።

ምክንያቱ የሴትየዋ ግትርነት አይደለም። የጓሮ ዶሮ የምትተዳደርበት ሂሣብ ከእርባታ ድርጅት ሂሣብ የተለየ በመሆኑ ነው። ጉዳዩ ደግሞ ትንሽ አይደለም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባካሄደው የናሙና ጥናት በአገሪቱ ወደ 57 ሚሊዮን ዶሮ የተቆጠረ ሲሆን፣ ከአምስቱ አራቱ ያህል የሀበሻ ዶሮ ነበር። ይህ ሁሉ ሀብት የሚገኘው በአብዛኛው በየቤቱ አምስትም አሥርም ሆኖ ነው።

የሀበሻ ዶሮ ዓመቷን የምታሳልፈው እንዲህ ነው። ከ12 እስከ 15 እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያ ትታቀፍና 21 ቀን ትቀመጣለች፤ ጫጩቶቿን ከፈለፈለች በኋላ ደግሞ ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ይዛቸው ትዞራለች። ይህ ዙር በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ቢበዛ አራት ጊዜ ይደጋገማል። ድምሩ ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። በደንብ የተያዘች የፈረንጅ እንቁላል ጣይ ግን በዓመት 280 እና ከዚያ በላይ ትጥላለች።

ከዚህ ተነስቶ "የሀበሻ ዶሮ ሰነፍ ናት" የሚል ብዙ ነው። ፍርዱ ሚዛናዊ አይመስለኝም። የፈረንጇ ዶሮ ሥራዋ መጣል ብቻ ነው፤ መፈልፈሉን መሣሪያ፣ ማሞቁን ኤሌክትሪክ ወይም ከሰል፣ ምግቡን ፋብሪካ፣ ጥበቃውን ዘበኛ ይሠራላታል። የሀበሻዋ ይህንን ሁሉ ራሷ ትሠራለች፤ ጭልፊትና ሸለምጥማጥ የምትከላከለውም እሷው ናት። እንቁላል የቸገራት ባለቤት መታቀፉን ለማስተው ዘዴ አላት፦ ዶሮዋን ለጥቂት ቀን ጎረቤት ትልካለች፣ ቁልቁል ታንጠለጥላታለች፣ ወይም ላባ በአፍንጫዋ ታስገባለች። ለዶሮዋ ጭካኔ ነው፤ በሂሣብ ቋንቋ ግን የመፈልፈያውን ክፍል ዘግቶ ሠራተኛውን ወደ እንቁላል ክፍል ማዛወር ነው።

ወጪውስ? ከኪስ የሚወጣ ብር የለም ማለት ይቻላል። ዶሮዋ የምትበላው የእንጀራ ፍርፋሪ፣ አተላ፣ ከአውድማ የተረፈ ጥሬ፣ ትልና ፌንጣ ነው። ሌላ ማንም የማይከፍልበትን ነገር ወደ እንቁላልና ሥጋ ትለውጣለች። ራስን መቻል የሚባለው እዚህ ላይ እውነት ነው። ግን ወሰን አለው። ጓሮው የሚያበላው የተወሰነ ዶሮ ነው። አምስት ዶሮ የጠገበበት ግቢ አሥር ቢገባበት ፍርፋሪው አይጨምርም፤ የእያንዳንዷ ድርሻ ብቻ ያንሳል፣ እንቁላሉም አብሮ ያንሳል። ከጫጩቶቹም ግማሽ ያህሉ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው በበሽታና በአውሬ ያልቃሉ። ነጋዴውን ለሚያስገርመው ነገር መልሱ ይኸው ነው፤ ዋጋ ስለጨመረ ጓሮው አይሰፋም።

ሌላም አለ። ባለዶሮዋ የምትሸጠው ገንዘብ ሲያስፈልጋት ነው። ለደብተር፣ ለጨውና ለዘይት፣ ለዕቁብ ዶሮ ትወጣለች። የፈለገችው ብር አንዲት ዶሮ በማውጣት ከተገኘ ሁለተኛዋ እቤት ትቀራለች። ዋጋ ሲጨምር የምትሸጠው ቁጥር ሊቀንስም የሚችለው ለዚህ ነው። ዶሮዋ ለእሷ የቁጠባ ደብተር እንጂ ሸቀጥ አይደለችም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት እንለፍ። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮን ከዋና ዋና ጉዳዮቹ አንዱ አድርጎታል። ከዚያ በፊትም እንደ ኢትዮ ቺክን ያሉ ኩባንያዎች የአንድ ቀን ጫጩት ለወኪሎች እየሸጡ፣ ወኪሎቹ አንድ ወር ተኩል ከዚያም በላይ አሳድገው ለየቤቱ ማከፋፈል ከጀመሩ ቆይተዋል። ብዙ የከተማ ቤተሰብም ሃያና ሠላሳ የፈረንጅ ዶሮ ይዟል። እዚህ ላይ ግን ፍርፋሪ አይበቃም። ባለዶሮው ሳያስበው መኖ ገዢ ሆኗል፤ ራሱን ቻለ ከሚባልበት ሰዓት ጀምሮ በበቆሎ፣ በአኩሪ አተርና በኑግ ፋጉሎ ገበያ ላይ ጥገኛ ነው።

ሂሣቡ ከባድ አይደለም። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ በዓመት 42 ኪሎ ገደማ ነው። 280 እንቁላል ከጣለች ለአንዱ እንቁላል 150 ግራም ወጥቷል። መጠለያው ከጠበበ፣ ውኃው ካነሰ፣ መኖው ከተቀላቀለበት 200 ብቻ ትጥልና ለአንዱ እንቁላል 210 ግራም ይሄዳል። እንግዲህ አንባቢ በሰፈሩ በአንድ ቀን ሁለት ዋጋ ይጠይቅ፤ የአንድ ኪሎ መኖና የአንድ እንቁላል። የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ አራት እንቁላል የሚገዛ ከሆነ፣ ጎበዟ ዶሮ ከእንቁላሏ ዋጋ 60 በመቶውን ትበላለች፤ ደካማዋ 84 በመቶውን። አምስት እንቁላል የሚገዛ ከሆነ ጎበዟ 75 በመቶ ትበላለች፤ ደካማዋ ግን ከምትጥለው በላይ እየበላች ነው። መድኃኒት፣ የቤት ኪራይና የጉልበት ዋጋ ገና አልተነካም። ቄቧ መጣል እስክትጀምር አምስት ወር ያህል የበላችው 7 ወይም 8 ኪሎ መኖም እንዲሁ።

በዚህ ላይ ጾም አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የእንቁላል ገዢው ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ዶሮዋ ግን አትጾምም። ባለ ሠላሳ ዶሮ በሁዳዴ ብቻ ወደ ሁለት ኩንታል መኖ ያወጣል። የሀበሻ ዶሮ ያላት ግን አማራጭ አላት፦ የረከሰውን እንቁላል አስታቅፋ ጫጩት ታደርገዋለች። በመጋቢት የተፈለፈለው አውራ ለእንቁጣጣሽ ባይደርስ ለገና ይደርሳል። እንቁላሉን በነፃ መጋዘን እንዳስቀመጠች ይቆጠራል።

ሁለቱንም ዓይነት ባለዶሮ እኩል የሚመታው ፈንግል ነው። ባብዛኛው ክረምት መግቢያ ላይ ይመጣል፣ ከገባ ጓሮውን በሳምንት ባዶ ያደርጋል። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል፤ ዋጋውም በአንድ ዶሮ ሲሰላ ኢምንት ነው። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን መሆኑና ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ ያለበት መሆኑ ነው። ስምንት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ብትገዛ አብዛኛው ይደፋል። ጎረቤት ተሰባስቦ በአንድ ቀን ማስከተብ ያዋጣል፤ ሰብሳቢ ግን ያስፈልገዋል። ዶሮ እሰበስባለሁ የሚል ነጋዴ ይህን ሥራ ለምን ለሌላ እንደሚተው አይገባኝም። የነገ ዕቃው ነውና።

በ1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ወሬ ሲናፈስ፣ በሽታው በአገራችን ሳይረጋገጥ የዶሮ ገበያ ተቀዛቅዞ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ጥሬ የምትለቅመውን ዶሮ የያዘች ሴት በሯን ዘግታ ትጠብቃለች። መኖ የሚገዛው ግን በየቀኑ እየከፈለ ነው የሚጠብቀው።

በሠላሳና አርባ ዶሮ ለመጀመር ያሰበ ሰው እንግዲህ ጫጩት ከመፈለጉ በፊት የመኖውን ምንጭ ይፈልግ። በቆሎ የሚረክሰው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ገዝቶ የሚያስቀምጥ ሰው ክረምት ላይ ከሚገዛው በብዙ ይሻላል፤ ግን እርጥብ በቆሎ በርካሽ አግኝቻለሁ ብሎ እንዳይጭን። እርጥቡ በጎተራ ይሻግታል፣ ሻጋታው ዶሮዋን ይጎዳል። ፍሬውን በጥርስ መስበር ነው፤ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ኩንታሉ ይቆይ።