የጭቃ ቤትን ከዝናም ስለ መጠበቅ

ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ቤት ዕድሜው አጭር ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ቤቱን የሚያፈርሰው ዕድሜው አይደለም፤ ከእግሩ ሥር የሚያድረው ውሃ ነው። ግርጌው ደረቅ ሆኖ የኖረውን ቤት አባት ሠርቶት ልጅ ይወርሰዋል፤ ግርጌው እርጥብ ሆኖ የከረመው ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያዘነብላል። እንግዲህ ቤቱን ለማደስ የሚነሣ ባለቤት ሥራውን ከኖራና ከቀለም ሳይሆን ከውሃው መንገድ ሊጀምር ይገባዋል።

ይህ ነገር በጌዴኦ አገር ይልቁን ይበረታል። ዲላ በስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከዚያ ወደ ይርጋጨፌና ወደ ቡሌ ሲወጡ ምድሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዝናሙም በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል፤ ይኸውም ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ዳግመኛም በመስከረምና በጥቅምት ነው። የገጠሩ ሰው ቤቱን የሚሠራው በእንሰቱ፣ በቡናውና በጥላ ዛፉ መካከል ነው፤ ይህም የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ጥላው ለቡናው በጎ ቢሆንም፣ ከግድግዳው አጠገብ ሲሆን እርጥበቱ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ስለዚህ ለእድሳት የሚስማማው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወራት ነው። ያን ጊዜም የቡናው ዋጋ በእጅ ይገኛልና፣ ለምስማርና ለእንጨት የሚሆነውን አስቀድሞ መለየት ብልኅነት ነው።

ስለ ቦይ

ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ጠብታ መሬቱን ሲመታ ጭቃ ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ ልስኑንም ይሸረሽራል። ከዚህም በቀር የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ፣ ጭቃውም በግርጌው የተኛውን ውሃ ወደ ላይ ይስባል። የረጠበ ጭቃ ኃይሉ ይደክማል፤ በውስጡ ያለውም እንጨት ይበሰብሳል፤ ምስጥም እርጥበቱን ተከትሎ ይመጣል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጠብታው ከሚያርፍበት መስመር ጥቂት ወጣ ብሎ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈራል፤ በዳገቱ በኩል ያለው ከሌላው ይልቅ ይሰፋል። የቦዩ ወለል በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይሄዳል። ውሃውም ወደ ጎረቤት ደጅ ሳይሆን ወደ ሣርና ወደ እንሰት ይመራል። በግድግዳው ላይ የተከመረ አፈር ቢኖር ይነሣል። የጣሪያው ጠርዝም ከግድግዳው 60 ሳንቲሜትር ያህል ወጣ ያለ እንደ ሆነ ግርጌውን ይጠብቃል።

ስለ ቋሚ

እንጨት ፈጥኖ የሚበሰብሰው አየርና እርጥበት በሚገናኙበት በመሬቱ ገጽ አጠገብ ነው። በዚያ ቦታ ቋሚው በቢላዋ ጫፍ ሲወጋ ያለ ችግር ከገባ ተበልቷል ማለት ነው። የተበላውን ለማደስ አስቀድሞ የላይኛው አግዳሚ በግራና በቀኝ በጠንካራ አጣና ይደገፋል። ከዚያ በኋላ የበሰበሰው ጫፍ ይቆረጣል፤ ከሥሩም ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይገባል፤ ቋሚውም ከጎረቤቶቹ ጋር በማገር ይታሰራል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ቋሚ በላይ አይነካም። መካከለኛው ምሰሶ ግን ለአናጢ የሚተው ሥራ ነው።

ምስጥ ከብርሃንና ከድርቀት ለመሸሸግ በግድግዳው ላይ የአፈር መሿለኪያ ይሠራል። ይህ ሲታይ ይፈረፈራል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ዳግመኛ ተሠርቶ ከተገኘ ምስጡ ገና እየበላ ነውና እንጨቱ ይመርመር።

ስለ ምርጊትና ስለ ልስን

ሸክላ አፈር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስለዚህም ይሰነጠቃል። ጭዱ ጭቃውን እርስ በርሱ የሚያያይዝ ነው። አፈሩን ለመፈተን የሎሚ ያህል ድቡልቡል ጭቃ ተሠርቶ በጥላ ይደርቃል። እጅግ ከተሰነጠቀ አሸዋ ይጨመርበታል፤ በጣት ሲጫን ከተፈረፈረ ግን ሸክላ ያንሰዋል። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተረግጦ፣ ለጥቂት ቀናት እየራሰ ይቡካል። አሮጌው ግድግዳ የለቀቀው ተፍቆና በውሃ ርሶ ይመረጋል። ምርጊቱ ፈጽሞ ሳይደርቅ አይለሰንም፤ ስንጥቁን የሚዘጋው ኋላ የሚመጣው ቀጭን ልስን ነውና።

ገንዘብ ያገኙ አንዳንድ ሰዎች በጭቃው ላይ ሲሚንቶ ይለስናሉ። ሲሚንቶ ጠንካራ ሲሆን ጭቃው ግን በእርጥበትና በድርቀት ያብጣል፣ ይኮማተራልም። ስለዚህ ልስኑ ይለያል፤ በስንጥቁ የገባውም ውሃ መውጫ አጥቶ እንጨቱን በስውር ያበሰብሳል። ያ ገንዘብ ለድንጋይ መሠረትና ለቦይ ቢውል ይበልጥ ይጠቅማል።

ስለ ጣሪያ

የቆርቆሮ ምስማር የሚመታው ከፍ ባለው በጀርባው ላይ ነው እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ አይደለም፤ ከሥሩም ጎማ ይኖረዋል። ቆርቆሮ በፀሐይ ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ምስማሩ በጊዜ ብዛት ይላላልና በየዓመቱ ይታያል። የላይኛው ቆርቆሮ በታችኛው ላይ ከ15 ሳንቲሜትር ባላነሰ ይደረባል። ለጥገና የሚወጣ ሰው ከሥሩ እንጨት ባለበት ብቻ ይርገጥ።

ስለ ዳገት

ቤትን ለማስፋት ከጀርባው ያለውን ዳገት መቍረጥ አደገኛ ነው፤ የላይኛው አፈር ድጋፉን ያጣልና። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከብርቱ ዝናም በኋላ የተናደው መሬት ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሰበሰቡ ነበሩ። በዳገቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ፣ ዛፍ ሲያዘነብል ወይም ምንጭ ባልነበረበት ውሃ ሲፈልቅ፣ ቤተ ሰቡ ፈጥኖ ይውጣ፤ ጎረቤቱንም ያስጠንቅቅ። እድሳት የማይመልሰው ጉዳት ይህ ነው።

ለዚህ ሁሉ መጀመሪያው መመልከት ነው። ተማሪ ዝናም በሚዘንብበት ቀን በደጁ ቆሞ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚተኛና በየት እንደሚሄድ ቢያስተውል፣ ያየውንም ለአባትና ለእናቱ ቢነግር፣ ቦዩ የሚቆፈርበትን ቦታ አገኘ ማለት ነው። አንድ መቆፈሪያና የአንድ ቀን ደቦ የሚያድኑት ቤት፣ ከወደቀ በኋላ የብዙ ዓመት የቡና ዋጋ ይበላል።