ደውሎ ማረጋገጥ ብቻውን አያድንም

በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር እህል እያስጫነ ገንዘቡን በባንክ የሚቀበለው ነጋዴና በሐሮ ወንጪ እንግዳ የሚያሳድረው ባለማረፊያ አንድ የጋራ ሥጋት አላቸው። ይኸውም “ክፍያው ተፈጽሟል”፣ “የሒሳብ ቁጥራችን ተለውጧል” እያለ በኢሜይልና በስልክ የሚመጣው የሐሰት መልእክት ነው። ብዙዎች “ደውዬ አረጋግጣለሁ” ይላሉ። የሚደወልበትን ቁጥር ማን ሰጣቸው?

ይህን ባለመጠየቅ የሚደርሰውን ጉዳት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክና የሲቲባንክ ጉዳይ በሚገባ ያሳያል። ብሔራዊ ባንኩ ኒውዮርክ በሲቲባንክ ዘንድ ሒሳብ ነበረው። በ2001 ዓ.ም. መባቻ ከብሔራዊ ባንኩ የተላከ የሚመስል ጥቅል ለሲቲባንክ ደረሰ። በውስጡ የኃላፊዎች ፊርማ፣ የክፍያ ትእዛዝ በፋክስ እንዲስተናገድ የሚያሳውቅ ሰነድና ለማረጋገጫ የሚደወልባቸው ስልኮች ዝርዝር ነበር። ከዚያ ወደ 24 የሚጠጉ የፋክስ ትእዛዞች ተከታተሉ። የሲቲባንክ ሠራተኞች እንደ ደንቡ ደወሉ፤ ስልኩን ያነሳው ሰውም ትእዛዙ ትክክል ነው አለ። ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወደ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ አውስትራሊያ፣ ቻይና፣ ቆጵሮስና እዚያው አሜሪካ ወደሚገኙ ሒሳቦች ተላለፈ። ስልኮቹ የናይጄሪያ፣ የደቡብ አፍሪካና የእንግሊዝ ሞባይሎች ነበሩ። የአዲስ አበባ ባንክ በናይጄሪያ ሞባይል ምን ያነጋግረዋል ያለ አልተገኘም! ማጭበርበሩ የታወቀው አንዳንድ ተቀባይ ባንኮች ገንዘቡን ሲመልሱና ብሔራዊ ባንኩ ትእዛዙን አላውቀውም ሲል ነው። ሲቲባንክ የጎደለውን ተካ፤ በየካቲት 2001 ዓ.ም. አንድ ናይጄሪያዊ ኒውዮርክ ውስጥ ተከሰሰ።

የፋክሱን ቦታ ዛሬ ኢሜይል ይዞታል። አታላዩ የውጭ አቅራቢውን የኢሜይል ሣጥን ሰብሮ የዋጋ ድርድሩን ሲያነብ ይከርምና፣ መክፈያው ሲደርስ አንዲት ፊደል ብቻ በተለወጠች አድራሻ አዲስ የሒሳብ ቁጥር ይልካል። ከግርጌውም አዲስ ስልክ ያኖራል። አስመጪው መደወል ያለበት በቀድሞው ውል ወይም በአሮጌው ቢዝነስ ካርድ ላይ ወዳለው ቁጥር ነው።

የእህል ገበያው ማታለያ ከዚህ ይቀላል። ገዢ ወይም ደላላ ገንዘብ መግባቱን የሚናገር የስልክ መልእክት ወይም የደረሰኝ ፎቶ ያሳያል፤ መኪናው ይነሳል፤ ገንዘቡ ግን የለም። ሻጩ መመልከት ያለበት የራሱን ሒሳብ በራሱ ስልክ ነው፤ የቴሌብር ከሆነ በ*127#።

ወንጪ በ2014 ዓ.ም. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከተመረጠች ወዲህ ስሟ ውጭም ይታወቃል። በሌሎች አገሮች በእንግዳ ማረፊያዎች ላይ የታየው ዘዴ ለዚህ ሥፍራም የሚያሠጋ ነው፦ “እንግዳው” በተሰረቀ ካርድ ከዋጋው አስበልጦ ይከፍልና ትርፉን ለአስጎብኚ ላኩልኝ ይላል። የካርዱ ባለቤት ሲያመለክት ክፍያው ይሰረዛል፤ የተላከው ትርፍ ከባለማረፊያው ኪስ የወጣ ይሆናል።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 10 እንዲህ ያለውን ማታለል እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራትና እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ይቀጣል። ገንዘቡን ማስመለስ ግን የፍጥነት ጉዳይ ነው። የተታለለ ሰው ተቀባዩ ሳያወጣው እንዲታገድለት በዚያው ሰዓት ለባንኩ ማመልከት አለበት፤ የንግድ ባንክ የጥሪ ማዕከል 951 ነው። መልእክቱም ለፖሊስ ማስረጃ ስለሚሆን አይጠፋም።