በሪሞት የምትነዳ መኪና፦ እንገጣጥማት፣ እናስተካክላት

 

ኢትዮጵያ ውስጥ ያደጉ ወላጆቻችሁን ስለ ሽቦ መኪና ጠይቋቸው። ብዙ ልጆች ሽቦ አጣምመው፣ ቆርኪውን ጎማ አድርገው፣ ረጅም መሪ ቀጥለውላት ሰፈሩን ያዞሯት ነበር። የዛሬዋ መኪናችን ግን የምትታዘዘው በሬዲዮ ሞገድ ነው። ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ! ኒኮላ ቴስላ በ1898 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ እያዘዘ ለሕዝብ አሳይቷል።

ለውድድር የሚሆኑት መኪኖች ብዙዎቹ ሳይገጣጠሙ በካርቶን ይሸጣሉ። የተለመደው መጠን የትልቁ መኪና አንድ አሥረኛ ነው። ሪሞቱን ስትነኩ መኪናዋ ላይ ያለው ተቀባይ ትእዛዙን ይሰማል። ሰርቮ የምትባል ትንሽ ሞተር የፊት ጎማዎቹን ታዞራለች፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ደግሞ ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል ይመጥናል።

ስትገጣጥሙ ካቻቢቴውን ቀስ አድርጉ። ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባ ብሎን ከመጠን በላይ ከጠበቀ ቀዳዳው ይበላል። ሁለቱን ማርሾች ስታገናኙ መሀላቸው ቀጭን ወረቀት አስገቡ፣ ሞተሩን አጥብቁ፣ ከዚያ ወረቀቱን አውጡት። ክፍተቱ ልክ ይሆናል።

አሁን ሒሳብ! የሞተሩ ማርሽ 20 ጥርስ፣ ትልቁ ማርሽ 80 ጥርስ ቢኖረው፣ ትልቁ አንዴ ሲዞር ሞተሩ 4 ጊዜ ይዞራል። የሞተሩን ማርሽ በትንሽ ብትቀይሩት መኪናዋ ስትነሳ ጉልበት ታገኛለች፤ ከፍተኛ ፍጥነቷ ግን ይቀንሳል።

ኩርባ ላይ አልታጠፍ ብላ ቀጥ ብላ ከሄደች የፊቱን ሞላ ለስለስ ባለ ቀይሩ። ኋላዋ እየተንሸራተተ ከዞረች ደግሞ የኋላውን አለስልሱ። ወጣ ገባ መሬት ላይ ሻንሲው ከመሬት ከፍ ይበል፤ ለስላሳ መሬት ላይ ዝቅ ይበል። ዋናው ነገር፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ደብተራችሁ ላይም ጻፉት። ሦስት ነገር ባንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳችሁ በምን ታውቃላችሁ?

ኦስሎ ውስጥ ለበረዶ መንገድ ላይ የሚበተነው ጠጠር ማርሽ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ነድታችሁ ስትጨርሱ በብሩሽ አጽዱ፣ አድርቁ። ብርድ የባትሪን ኃይል ስለሚቀንስ እስክትነዱ ድረስ ባትሪውን ቤት ውስጥ አቆዩት። ስትጀምሩ መጀመሪያ ሪሞቱን፣ ቀጥሎ መኪናዋን አብሩ። ስታጠፉ ግን መኪናዋ ትቅደም፤ አለበለዚያ ካለ አዛዥ ልትፈተለክ ትችላለች። መኪና በሚሄድበት መንገድ ላይ ግን ፈጽሞ አትንዱ!

ለወላጆች፦ የሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ቻርጅ ሲደረግ አዋቂ ሰው አጠገቡ ይሁን። ያበጠ ባትሪ ዳግመኛ ቻርጅ አይደረግም፤ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አይጣልም።

ጥያቄ፦ 20 ጥርስ ያለውን ማርሽ 16 ጥርስ ባለው ብንቀይረው፣ ትልቁ ማርሽ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ ይዞራል? መልሱን በአማርኛ ጽፋችሁ ለአስተማሪያችሁ ስጡ። በርቱ!