ፀሐይና ነፋስ የዕለት ገቢ፣ ውሃ ጎተራ

የሮክስበሪ ጎዳና ሁለት አስተዳደር ይለያል። ከመንገዱ በስተ ሰሜን ያለው ቤት የሲያትል ከተማ ነው። በስተ ደቡብ ያለው ዋይት ሴንተር ግን በየትኛውም ከተማ ሥር ያልተጠቃለለ፣ በኪንግ ካውንቲ የሚተዳደር ሰፈር ነው። የመብራት ሒሳቡ ግን ለሁለቱም ወገን የሚመጣው ከሲያትል ሲቲ ላይት ነው። ታሪፉን የሚያጸድቀው የሲያትል ከተማ ምክር ቤት ሲሆን የዋይት ሴንተር ነዋሪ ይከፍላል እንጂ ያንን ምክር ቤት አይመርጥም።

ባለፈው በጋ አንዲት የዋይት ሴንተር ጎረቤቴ፣ እኔ እማማ የምላቸው እናት፣ አንድ የሶላር ሻጭ በራቸውን አንኳክቶ የሰጣቸውን ወረቀት ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። «እስቲ አንብብልኝ ልጄ» አሉኝ። «ይሄ ፀሐይ የሚሉት ነገር ያዋጣል? ደግሞስ እዚህ አገር የቱን ፀሐይ አይተን ነው?»

ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነው። ለመመለስ ግን ከወረቀቱ አልፎ ፀሐይና ነፋስ እንዴት መብራት እንደሚሆኑ፣ ሲጠፉ ማን እንደሚተካቸው፣ ጥቅማቸውም ለማን እንደሚደርስ ማየት ያስፈልጋል።

ብርሃን ሲያንኳኳ

የሶላር ሰሌዳ ሞተር የለውም፤ ጭስም ድምፅም የለውም። ውስጡ በሁለት ዓይነት የተዘጋጀ ስስ ሲሊከን ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይፈናቀላሉ፤ የሁለቱ ንብርብሮች ልዩነት በአንድ አቅጣጫ እንዲሄዱ ስለሚያስገድዳቸው ጅረት ይሆናሉ። ይህ ጅረት ልክ እንደ ባትሪ ቀጥተኛ ነው። የቤታችን ዕቃ የሚፈልገው ግን ተለዋዋጭ ስለሆነ ኢንቨርተር የሚባለው ሳጥን ይቀይረዋል። በገበያ ላይ ያሉት ሰሌዳዎች ካረፈባቸው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት አንድ አምስተኛ ያህሉን ነው።

በእማማ ቤት እናስላው። የእንጀራ ምጣዳቸው 1,500 ዋት ይስባል። አንድ የጣሪያ ሰሌዳ 400 ዋት ቢሆን፣ በጠራ እኩለ ቀን አራት ሰሌዳ ምጣዱን ይችለዋል። ነገር ግን በሲያትል የሰኔ ቀን 16 ሰዓት ሲሆን የታኅሣሥ ቀን ስምንት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ እሱም በደመና የተሸፈነ። ማሞቂያ ሁሉ የሚበራው፣ መብራትም በብዛት የሚፈጀው በዚያው በክረምቱ ነው። ፀሐይዋ የምትሰጠው በማንፈልግበት ወራት፣ የምትነሳን በምንፈልጋት ወራት ሆነ ማለት ነው።

መፍትሔው ቆጣሪው ላይ ነው። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ጣሪያው ላይ ሰሌዳ ያለው ደንበኛ በበጋ ያተረፈውን ወደ መስመሩ ይለቅና ይመዘገብለታል፤ በክረምት ከዚያ ይቀነስለታል። ሳይጠቀምበት የቀረው በየዓመቱ ማርች 31 ይሰረዛል። ለባለ ጣሪያው ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የሰኔ ፀሐይ እስከ ታኅሣሥ በመስመሩ ውስጥ ተቀምጣ አትቆይም። በክረምቱ ምሽት ምጣዱን የሚያግለው ሌላ ነው፤ በሲያትል ያ ሌላ በአብዛኛው ውሃ ነው።

ጎተራው ሲጎድል

ሲያትል ሲቲ ላይት ኃይሉን በዋነኛነት የሚያገኘው በስካጊት ወንዝ ላይ ካሉት ከጎርጅ፣ ከዲያብሎና ከሮስ ግድቦች፣ እንዲሁም በፔንድ ኦሬይ ወንዝ ላይ ካለው የባውንደሪ ግድብ ነው። በክረምት ተራራው ላይ የተከመረው በረዶ በጸደይ እየቀለጠ ይሞላቸዋል። ገበሬ እህሉን ጎተራ አስገብቶ እንደሚያኖር፣ ግድብም ውሃን ይዞ ሲፈለግ ይለቃል። ፀሐይና ነፋስ ግን የቀን ሠራተኛ ገቢ ናቸው፤ የተገኘ ቀን ይገኛሉ፣ ያልተገኘ ቀን የሉም።

ጎተራም ግን ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በረዶው አነሰ፣ ድርቁ በረታ፤ መሥሪያ ቤቱ ከገበያ ውድ ኃይል ለመግዛት ተገደደ። በ2024 መጀመሪያ በደንበኞች ሒሳብ ላይ ተጨማሪ ክፍያ ተጫነ። በሮክስበሪ ግራና ቀኝ ሁሉም ከፈለ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ እናውቀዋለን። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በግንቦት ወር የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ ሲቀንስ አገሩ ሁሉ ወደ ፈረቃ ገባ። ሊጡ ቦክቶ መብራት ሄደ ማለት ምን እንደሆነ ለእማማ ማስረዳት አያስፈልግም።

ነፋሱ ሥር ቆሞ

ከሲያትል በአይ-90 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ተራራውን ተሻግሮ፣ ከኤለንስበርግ አለፍ ሲሉ ዋይልድ ሆርስ የሚባል የነፋስ ኃይል ማመንጫ አለ። 149 ተርባይኖች፣ 273 ሜጋ ዋት። አንዱ ግንድ ሥር ቆሜ ወደ ላይ አየሁ። ክንፉ ከሩቅ ዝግ ብሎ የሚዞር ይመስላል። ሥሩ ሲቆሙ ግን ጫፉ አየሩን ሲቀድ «ሹው… ሹው…» የሚለው ድምፅ ደረት ላይ ይሰማል። ጥላው መሬቱን እያቋረጠ ይመላለሳል፤ በመካከሉ ሣሩ እንደ ድሮው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ነፋሱ ክንፉን ያዞራል፣ ክንፉ ዘንጉን፣ ዘንጉ ጄነሬተሩን። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በውስጡ ያለው ኃይል ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። የቦታ መረጣ የሞት የሽረት ጉዳይ የሆነው ለዚህ ነው። ከነፋሱ ጉልበት ከ59 በመቶ በላይ መውሰድም በተፈጥሮ ሕግ አይቻልም፤ ነፋሱ ክንፉን አልፎ መሄድ አለበትና። ተርባይኑ የሚነቃው በሰከንድ ሦስት አራት ሜትር በሚሆን ነፋስ ነው። ወደ 25 ሜትር ሲደርስ ደግሞ እንዳይሰበር ራሱን ያቆማል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ነዳጅ አይገዛም፣ ጭስ የለውም፣ በግንዶቹ መካከል ከብት ይግጣል። ዕዳም አለበት። በዚያው ግዛት በሆርስ ሄቨን ኮረብቶች ላይ ከ200 በላይ ተርባይኖችን ለመትከል ጥያቄ የቀረበው በ2021 ነበር። የያካማ ነባር ሕዝብ «ቅዱስ ሥፍራችን ነው» አለ፤ ሊጠፋ የተቃረበ የጭልፊት ዝርያም እዚያ ጎጆውን ይሠራል። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ አገረ ገዥው በ2024 ፈቀዱ። ንጹሕ ኃይል የምንለው ነገር ሁልጊዜ የአንድ ሰው ደጅ ላይ ይተከላል። የሶላር ሰሌዳውም ከ25 እስከ 30 ዓመት ካገለገለ በኋላ የት ይጣላል? ዋሽንግተን ለዚህ በ2017 ሕግ አወጣች፤ ተግባራዊነቱ ግን ደጋግሞ ተራዘመ።

አዳማና ሬማ

በአገራችን ነፋሱ ትልቅ ቁም ነገር አለው። በአዳማ ኮረብቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የመጀመሪያው ማመንጫ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 የተከተለው ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ነው። በመቀሌ አቅራቢያ ያለው አሸጎዳ በ2013 በ84 ተርባይኖች 120 ሜጋ ዋት ይዞ ተመረቀ። ከሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ጋር ሲነጻጸሩ ትንሽ ይመስላሉ። ዋጋቸው ግን በመጠን ብቻ አይለካም። ዝናቡ አባርቶ የግድቦቹ ውሃ በሚጎድልበት በበጋ ነፋሱ ይበረታል። አንዱ ሲደክም ሌላው ይነሣል። ነፋሱ በነፈሰ ሰዓት ግድቡ ውሃውን ይቆጥባል፤ የዕለት ገቢው ጎተራውን ያሳርፈዋል።

ለሕዳሴው ግድብ ዲያስፖራውም ከኪሱ አውጥቷል። ከ2011 እስከ 2014 በአሜሪካ የሚኖሩ ከ3,100 በላይ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወደ 5.8 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቦንድ ገዝተዋል። ሽያጩ በአሜሪካ ሕግ ሳይመዘገብ በመቅረቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2016 6.5 ሚሊዮን ያህል ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ለውሃው ያንን ያህል የተጋ ሕዝብ ለፀሐዩና ለነፋሱም ያንሳል ብዬ አላምንም። አሠራሩ ግን በሕግ የጸና ይሁን።

መስመር ባልደረሰበት ገጠር ደግሞ የፀሐይ ጥቅም ሌላ መልክ አለው። በሰሜን ሸዋ ሬማ፣ አንድ የጀርመን ድርጅት ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቤት ጣሪያዎች ላይ ትንንሽ ሰሌዳዎችን ተክሎ ኩራዙን በአምፖል ተካ። ብልህነቱ እዚያው የጥገና ባለሙያ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት መክፈቱ ነው። ሰሌዳ ለዓመታት ይቆያል፤ ባትሪ ግን ይሞታል። ጠጋኝ በሌለበት መንደር የሞተ ባትሪ ማለት ወደ ላምባ መመለስ ነው።

ጣሪያ የሌለው ሰው

ወደ እማማ ወረቀት ልመለስ። «ያዋጣል» አልኳቸው፤ «ቤቱ የራስ ከሆነ፣ ጣሪያው ወደ ደቡብ ካየ፣ ውሉ በጥንቃቄ ከተነበበ።» የፌዴራሉ መንግሥት ከወጪው 30 በመቶውን በግብር ቅናሽ ይመልስ ነበር፤ ያም በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። ለእሳቸው ግን መጀመሪያውኑ አይደርሳቸውም። ተከራይ ናቸው።

ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ፀሐይም የባለ ቤት ናት?» አሉኝ።

ከዚህ ጥያቄ የሚበልጥ በዚህ ጉዳይ ላይ አልሰማሁም። መልስ የሚሆን መንገድ ተጀምሯል። በቢከን ሂል በጀፈርሰን ፓርክ መጠለያዎች ጣሪያ ላይ ሲቲ ላይት ሰሌዳ ተክሎ፣ የራሱ ጣሪያ የሌለው ሰው ድርሻ እንዲገዛ አድርጎ ነበር። ግዛቱ በ2022 ባወጣው ሕግ ደግሞ ከጋራ የፀሐይ ማመንጫ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች እንዲጠቀሙ ድጎማ መድቧል። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከኪራይ ቤቶች ጣሪያ ላይ የሚወርደው ትርፍ ሥሩ ለሚኖረው ሰው እንዲደርስ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው። በሲያትል ምክር ቤት ድምፅ ባይኖረንም ለካውንቲውና ለግዛቱ ምክር ቤት አባላት ድምፅ አለን።

ያን ምሽት የሻጩን ወረቀት አጥፈን አስቀመጥን። በምትኩ ሲቲ ላይት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ደንበኞች ከመብራት ሒሳባቸው 60 በመቶ የሚቀንስበትን ቅጽ አብረን ሞላን፤ የዋይት ሴንተር ነዋሪም ይገባዋልና። እማማ ፈረሙና ተነሡ፤ ሊጣቸው ኩፍ ብሎ ይጠብቃቸው ነበር። ምጣዱ በስካጊት ውሃ ሊግል ነው። የሚቀጥለው የበጋ እንጀራ ድርሻቸው በሆነች ፀሐይ እንዲጋገር የእኔም ምኞት ነው፣ ሥራችንም ነው።