ውሻ ከገመዱ ሲፈታ፦ በአዲስ ሰፈር የውሾች መናፈሻ እንዴት ይታቀዳል?

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት፣ በበርክሌይ ከተማ፣ ለምድር ውስጥ ባቡር ሲባል ቤቶች ከፈረሱበት መሬት በከፊሉ ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 ያልተለመደ መናፈሻ ተከፈተ። ኦሎኒ የተባለው ይህ ስፍራ ውሾች ከገመድ ተፈትተው እንዲሮጡ የተከለለ ሲሆን፣ በዓይነቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዛሬ በዚያች አገር የአዳዲስ መኖሪያ ሰፈሮች ፕላን ሲነደፍ ከሕፃናት መጫወቻ ሌላ ለውሾችም ቦታ መተው እንግዳ ነገር አይደለም። ለመሆኑ እንዲህ ላለው ስፍራ አጥር ማጠር ብቻ ይበቃልን?

አጥሩ በእርግጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ አንድ ኤከር፣ ማለትም 4,000 ካሬ ሜትር ያህል ስፋትና ከ1.2 እስከ 1.8 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር ይመክራል። መግቢያው ሁለት ተከታታይ በሮች ይኖሩታል፤ ባለቤቱ የውጪውን ዘግቶ ገመዱን ከፈታ በኋላ የውስጡን ይከፍታል። በዚህም ውሻው ድንገት አምልጦ ወደ መኪና መንገድ አይወጣም። ትናንሽ ውሾችም በትልልቆቹ እንዳይጎዱ የራሳቸው ክልል ይበጅላቸዋል።

ከአጥሩ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን በዓይን የማይታየው ነው። በውሾች አንጀት የሚኖረው ቶክሶካራ ካኒስ የተባለ ወስፋት፣ አንዷ እንስቱ ብቻ በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሎቹ ከዓይነ ምድሩ ጋር እንደወጡ ወዲያውኑ በሽታ አያስተላልፉም፤ በውስጣቸው እጭ እንዲያድግ እንደ አየሩ ሙቀት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያህል በአፈር ውስጥ መቆየት አለባቸው። ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። በአፈር የሚጫወት ሕፃን በእጁ ወደ አፉ ቢያደርሳቸው፣ እጮቹ ከአንጀት ወደ ደም አልፈው ጉበትና ሳንባን፣ አልፎ አልፎም ዓይንን በመጉዳት ብርሃን እስከማሳጣት ይደርሳሉ።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር ዓይነ ምድሩ በዕለቱ ከተነሣ አደጋው ገና ሳይወለድ መቅረቱን ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ። ስለዚህ በፕላኑ ላይ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች አቀማመጥ ከአጥሩ እኩል ሊታሰብበት ይገባል፤ የሕፃናት መጫወቻውም ከውሾቹ ስፍራ መራቅ አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ አፈሩና ውኃው ነው። በቤልጂየም፣ በጌንት ከተማ አቅራቢያ በሚገኙ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራዎች ተካሂዶ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ውሾች በዓመት በአንድ ሄክታር 11 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅንና 5 ኪሎ ግራም ያህል ፎስፈረስ እንደሚጨምሩ ገምቷል። በርካታ ውሾች በጠባብ ክልል በሚሰበሰቡበት መናፈሻ ደግሞ ክምችቱ ሊበረታ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ሣሩ በሽንት ይቃጠላል፤ ዝናብ ሲጥል ትርፉ ወደ ወንዝ ይታጠባል። ስለሆነም ስፍራው ውኃ የማያቁር፣ መለስተኛ ተዳፋት ያለውና ከወንዝና ከጉድጓድ ውኃ የራቀ ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛው ክትባት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ለማለት ይቻላል ሁልጊዜ ይገድላል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰውም እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው። አንድ የታመመ ውሻ በአማካይ ከሁለት ላነሱ ውሾች ስለሚያስተላልፍ፣ በስሌት ግማሾቹ ቢከተቡ ስርጭቱ ይገታል። ይሁንና በዓመቱ ውስጥ የተከተቡት ይሞታሉ፣ ያልተከተቡ ቡችሎችም ይወለዳሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በየዘመቻው 70 በመቶውን መከተብ የሚመክረው ይህን መመናመን አስቀድሞ ለማካካስ ነው።

በአገራችን የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ውሻ ከገመድ የሚፈታበት መናፈሻ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በሕንፃዎቹ መካከል ባለው የጋራ ግቢ ሕፃናትና ባለቤት አልባ ውሾች በአንድ አፈር ላይ መዋላቸው እንግዳ አይደለም። አጥር ባይኖር እንኳ ያልነው ሁሉ እዚህም ይሠራል። የከተማ ፕላን፣ የባዮሎጂና የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ከሕንፃው ንድፍ ጎን ለጎን አፈሩን፣ ውኃውንና ክትባቱን አብረው ቢያስቡ፣ ትርፉ ከሁሉ በፊት የሕፃናቱ ነው እንላለን።